ያውቁ ኖሯል? ፑንታ የሚመረጠው ግድግዳው ከታወቀ በኋላ ነው

በደብረ ማርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት መደርደሪያ ለመስቀል ሦስት ዓይነት ፑንታ ሊያስፈልግ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ከመንገድ በኩል ያለው ሱቅ በብሎኬት ተሠርቷል፤ ከኋላ ያለው ዋናው ቤት የባሕር ዛፍና የጭቃ ነው፤ የሁለቱም መሠረት ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከላይ ሲያዩት ሁሉንም ያው አንድ ቀለም ሸፍኗቸዋል። ብዙ ሰው ድሪል ሲገዛ የሞተሩን ዋት አጥብቆ ይጠይቃል፣ የፑንታውን ነገር ግን ለባለሱቁ ይተወዋል። ቁሱን የሚነካው ግን ያቺ ከፊት ያለችው ትንሽ ብረት ናት፤ እሷ ካልሆነችለት ጠንካራው ሞተር ቶሎ ከማቃጠል በቀር ምንም አይፈይድም።

ባለሱቅ «ምን ላይ ነው የምትበሳው፣ ወንድም ዓለም?» ብሎ ከጠየቀ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። «ግድግዳ» ብሎ መመለስ ግን ለእሱ በቂ መልስ አይደለም።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ዱቄቱ ይናገራል። በቀጭን የግድግዳ ፑንታ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገባ ይበሉና የሚወርደውን ከሥር በነጭ ወረቀት ይቀበሉ። መጀመሪያ የሚመጣው ነጭ ወይም ፈዛዛ ብናኝ የቀለሙና የልስኑ ስለሆነ አይመኑት። ቀጥሎ የሚወርደውን ይዩ። ግራጫ ሆኖ በጣት ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ካለ ብሎኬት ወይም አርማታ ነው። ቀይ ከሆነ ሸክላ ጡብ፣ ቡናማ ሆኖ የጭድ ስባሪ ካለበት ጭቃ፣ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ከሆነ እንጨት ነው። ፑንታው እየጮኸ ፈቀቅ ካላለና የላመ ጥቁር ግራጫ ብናኝ ብቻ ከወረደ ደግሞ ድንጋይ ላይ ደርሰዋል። ብሎኬትንና አርማታን ዱቄታቸው አይለያቸውም፤ እጅ ግን ይለያቸዋል። ብሎኬቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከተበሳ በኋላ ድንገት ባዶ ይሆንና እጅ ወደፊት ይወረወራል፤ አርማታ እስከ መጨረሻው እኩል ይከብዳል።

የጭቃ ግድግዳ ፊሸር እንደማይዝ ያውቁ ኖሯል? ፊሸር የሚሠራው ቪቴው ሲገባበት ሰፍቶ የቀዳዳውን ጎን በመግፋት ነው። ጭቃና ጭድ ሲገፉ ይፈረፈራሉ፤ መደርደሪያው ለጥቂት ቀን ቆሞ ከነልስኑ ይወርዳል። በጭቃ ቤት ውስጥ ሸክም የሚችለው ቋሚው እንጨት ብቻ ስለሆነ እሱን መፈለግ ግድ ነው። በጣት አንጓ እያንኳኩ ወደ ጎን ይሂዱ፣ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ማገር ከቋሚ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ምስማር ስላለ ከዚያ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይበሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ጭቃውን በአሮጌ የግድግዳ ፑንታ ብቻ አንስተው እንጨቱ ላይ ሲደርሱ ወደ እንጨት ፑንታ ይቀይሩ። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ አዲስ የእንጨት ፑንታን በአንድ ቀዳዳ ያደነዝዘዋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ፤ ጎጃም ላይ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

የቆምንበት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በፈሰሰና በረጋ እሳተ ገሞራ የተነባበረ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ ራሱ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የቤት መሠረት የሚገነባበት፣ ለመንገድ ጠጠር የሚፈጨው፣ አጥር የሚካብበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 በደረጃ አስቀምጦ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ይቧጥጠዋል ወይስ አይቧጥጠውም የሚለው መለኪያው ነው። በዚህ ደረጃ በባዛልት ውስጥ ያሉት ማዕድናት ከ5 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ፤ ይህም ከብረት መብሻ ፑንታ ጥንካሬ ጋር የሚቀራረብ ነው። ለላሜራ የተገዛ ፑንታ መሠረት ድንጋይ ላይ ሲቀርብ ድንጋዩ ነው ፑንታውን የሚስለው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጫፉ ክብ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሰማያዊ ይሆንና ያበቃለታል።

የዓባይ በረሃ ራሱ ስለ ፑንታ ምርጫ ጥሩ ትምህርት ቤት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከደጀን ወደ ወንዙ ሲወርዱ መንገዱ የተቆረጠበትን ግድግዳ በመስኮት ይመልከቱ። ከላይ ባዛልት ነው። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ዋና ማዕድኑ ካልሳይት ስለሆነ በሞስ ደረጃ 3 ብቻ ነው። ከእሱ ሥር ጂፕሰም የበዛበት ንብርብር አለ፤ ጂፕሰም 2 ስለሆነ በጥፍር ይቧጠጣል። ይህን ንብርብር የሥነ ምድር ሊቃውንት ማዶ ባለችው ከተማ ስም የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ብለውታል። ወደ ወንዙ ሲጠጉ የአሸዋ ድንጋይ ያገኛሉ፤ ቅንጣቱ ኳርትዝ ነው፣ ደረጃውም 7። በአንድ ቁልቁለት ላይ አራት ዓይነት ጥንካሬ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስለ አሸዋ ድንጋዩ ነው፦ ቅንጣቶቹ የተያያዙበት ነገር ለስላሳ ሲሆን ድንጋዩ በቀላሉ ይበሳል፣ ፑንታውን ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በቀላሉ መበሳትና ፑንታ አለመጨረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ድንጋይ በመፋቅ አይበሳም፣ በመሰባበር ነው የሚበሳው። እናቶቻችን ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ወፍጮ ሲልም እህል አይፈጭም፤ ስለዚህ በመውቀሪያ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይወቀራል። ወፍጮውም መጁም ባብዛኛው ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። መውቀሪያዋ ድንጋዩን አትላጭም፤ በአንድ ምት አንድ ትንሽ ነጥብ ላይ ታደቀዋለች፣ የደቀቀው ይነሣል፣ ቀጥሎ ሌላ ነጥብ። የሀመር ድሪል ሥራም ይኸው ነው። ፑንታው ይመታል፣ ጥቂት ይዞራል፣ አዲስ ቦታ ላይ ይመታል፤ በጎኑ የተጠመዘዘው ቦይ ዱቄቱን ወደ ውጭ ያወጣል። የግድግዳ ፑንታን ጫፍ በደንብ ካዩ ስለት የለውም ማለት ይቻላል። ብረቱ ላይ ከጎን ወደ ጎን የተሰካች፣ ከራሱ ከብረቱ ትንሽ ወጣ ያለች፣ ቀለሟ ደብዘዝ ያለ ቁራጭ አለች። እሷ ተንግስተን ካርባይድ ናት፤ ጥንካሬዋ በሞስ ደረጃ 9 አካባቢ ነው። ፑንታው ላይ ዋጋ የተከፈለው ለእሷ ነው። ሲገዙ በብርሃን አዙረው ያዩዋት፦ ዙሪያዋ በብየዳው በደንብ ካልተሞላ ወይም አንድ ወገን ካዘነበለች ይመልሱት፤ ባዛልት ላይ ወዲያው ትነቀላለች።

ካርባይድን ለመሣሪያ ጫፍ ያበቃው የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ «ዊዲያ» በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ግንበኛ ግድግዳ የሚበሳው ባብዛኛው በመዶሻና በብረት መሮ ነበር።

ባዛልት ላይ ሀመሩን ያብሩ፤ ብሎኬት ላይ ያጥፉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብዙ ግድግዳ ያድናል። የብሎኬት ፊቱ ቀጭን ነው፤ ሀመሩ ሲመታው ፊት ለፊት የሚታየው ቀዳዳ ንጹሕ ይመስላል፣ ከውስጥ በኩል ግን የአንድ ስኒ አፍ የሚያህል ስባሪ ወደ ባዶው ይወድቃል። ፊሸሩ የሚይዘው ነገር ያጣል። ያለ ሀመር፣ በሹል የካርባይድ ፑንታ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ቢበሱት ቀዳዳው ከፊትም ከኋላም እኩል ይሆናል። ሸክላ ጡብም እንዲሁ ነው።

ተራ ሀመር ድሪልና ኤስ ዲ ኤስ የሚባለው ለምን ይለያያሉ? ተራው ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀለበቶች እየተፋተጉ ያንቀጠቅጡታል፤ ምቱ በደቂቃ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፣ እያንዳንዱ ምት ግን ደካማ ነው፣ ጉልበቱም የሚመጣው ከሚገፋው ሰው ነው። ኤስ ዲ ኤስ ውስጥ በታመቀ አየር የሚነዳ መዶሻ አለ፤ በደቂቃ ጥቂት ሺህ ጊዜ ብቻ ይመታል፣ ምቱ ግን ከባድ ነው። ፑንታውም ጭራው ላይ ቦይ አለው፤ በመያዣው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ፈጠራውን ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አወጣው። አርማታ ወይም ጥቁር ድንጋይ ላይ ከአንድ ሁለት ቀዳዳ በላይ የሚሠራ ሰው ኤስ ዲ ኤስ ይከራይ ወይም ይዋስ፤ በተራ ድሪል የሚታገለው ሰው ክንዱንም ማሽኑንም ይጨርሳል።

አርማታ ሲበሱ ድንገት ቀጥ ካለና ዱቄቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከታየ ፌሮ አግኝተዋል። አይግፉት። የካርባይድ ጫፍ ብረት ለመቁረጥ አልተሠራችም፤ ፌሮውም የቤቱ ጅማት ስለሆነ መቆረጥ የለበትም። ቀዳዳውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያዛውሩት።

ፊሸር የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው ከሰው ነው፦ ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ናይለኑን መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ1958 ሠራው። ቁጥሩ የፑንታውን ቁጥር ይነግርዎታል፤ ፊሸር 8 በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል። ቀዳዳው ከፊሸሩ ርዝመት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፣ ዱቄቱም በፓምፕ ወይም በቀጭን ቱቦ ይውጣ። የሩብ ኢንች ፑንታ 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለፊሸር 6 ይሰፋዋል፤ የላላ ፊሸር ደግሞ ከቪቴው ጋር አብሮ ይዞራል።

ወደ እንጨት ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ስለት ነው የሚፈለገው። ጥሩ የእንጨት ፑንታ መሃሉ ላይ ሹል እሾህ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሁለት ስለት አለው። እሾኋ ቦታውን ትይዛለች፣ ዳርዳሩ የእንጨቱን ጭረት አስቀድሞ ይቆርጣል፣ ከዚያ መሃሉ ይነሣል። የብረት ፑንታ ይህ ስለሌለው የቀዳዳውን ከንፈር ይቦጫጭቃል። ከኋላ በኩል ጥራጊ ጣውላ ደግፈው ቢበሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ጎን አይፈነጠርም።

ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ ለፑንታም ለመጋዝም ይታዘዛል፤ የቤት ዕቃ ሠሪዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ወይራ ሲደርቅ እንኳ ክብደቱ ከውኃ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ በፍጥነት ከተበሳ ይጨሳል፣ ቀዳዳውም ይጠቁራል። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ የራሱ አመል አለው። እርጥብ ሳለ ፍቅፋቂው ቦዩ ውስጥ ይጣበቅና ፑንታውን ያንቀዋል፤ ስለዚህ በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ ወጣ እያደረጉ ማራገፍ ያስፈልጋል። ሲደርቅ ጠንክሮ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ዳሩ አካባቢ ምስማር ወይም ቪቴ ከመግባቱ በፊት መበሳት አለበት። የመነሻው ቀዳዳ ስፋት ከቪቴው ጥርስ በስተውስጥ ካለው ግንድ ጋር እኩል ይሁን፤ ጥርሱ ብቻ እንጨቱን ይንከስ።

ፑንታ ሳይኖር ቀንበር እንዴት ይበሳ ነበር? በጋለ ብረት። ማነቆዎቹ የሚገቡባቸው አራት ቀዳዳዎች በእሳት በጋለ ዘንግ ይከፈታሉ፣ ዛሬም በገጠር የሚሠራበት አለ። የዋሽንትም ቀዳዳ እንዲሁ በጋለ ብረት ይበሳል። ምክንያቱ የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። ሸምበቆና ቀርከሃ በርዝመታቸው የሚሄድ ጭረት ስላላቸው ተራ ፑንታ ሲነክሳቸው ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃሉ፤ የጋለ ብረት ግን ጭረቱን አይገፋም፣ ያቃጥለዋል፤ ቀዳዳው ጠርዙ ጠንክሮ ይቀራል። ዛሬ ቀርከሃን በድሪል መብሳት የፈለገ ሰው በጣም ሹል የሆነ ቀጭን ፑንታ፣ ከፍ ያለ ፍጥነትና ጥቂት ግፊት ብቻ ይጠቀም።

የጥንት ግብጻውያን ግራናይትን በመዳብ ቱቦ ይበሱ ነበር ቢባሉ ያምናሉ? መዳብ ከግራናይት እጅግ ይለሰልሳል። የሚቆርጠው ግን ከቱቦው ሥር የሚጨመረው አሸዋ ነበር፤ መዳቡ አሸዋውን ያዞረዋል፣ አሸዋው ድንጋዩን ይበላዋል። ዛሬ ለፖርስሌን የምንጠቀምበት ባዶ ቱቦ የመሰለ የአልማዝ ፑንታ በዚያው ሐሳብ የሚሠራ ነው፤ በአሸዋ ፈንታ የአልማዝ ቅንጣት ጠርዙ ላይ ተለብዷል።

አሁን ብረት። አሜሪካዊው ስቲቨን ሞርስ የተጠማዘዘ ቦይ ያለውን ፑንታ እ.ኤ.አ. በ1863 በስሙ አስመዘገበ፤ በየጋራዡና በየብረታ ብረት ቤቱ ያለው ፑንታ የዚያ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ዓመት አካባቢ ደግሞ ቴይለርና ዋይት የተባሉ አሜሪካውያን ግለት የሚችል የብረት ቅይጥ አወጡ። ጭራው ላይ ኤች ኤስ ኤስ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የሚታዩት ለዚህ ቅይጥ ነው፤ እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ግለት ጥንካሬውን አይለቅም። ተራ የካርቦን ብረት ፑንታ ግን ከ250 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይለሰልሳል፤ አንዴ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ቢስሉትም ብዙ አይሄድም። ወርቃማ ቀለም ስለ ጥራት ምንም አያረጋግጥም። እውነተኛው የቲታኒየም ናይትራይድ ሽፋን ወርቃማ ነው፣ ቀለም የተቀባ ርካሽ ብረትም ወርቃማ ነው። ፊደላቱን ያንብቡ።

የብረት ፍጥነት ስሌት በቃል የሚያዝ ነው፦ ለተራ ብረት 8,000ን ለፑንታው ሚሊ ሜትር ያካፍሉ። ለ4 ሚሊ ሜትር በደቂቃ 2,000 ዙር፣ ለ8 ሚሊ ሜትር 1,000፣ ለ16 ሚሊ ሜትር 500። ወፍራም ፑንታ ሲሆን ዝግ ማለት ያለበት ዳሩ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ነው። ላሜራና ቱቦላሬ የሚበሱ ብዙ ወጣቶች ማሽኑን እስከ መጨረሻው ይጫኑትና የ12 ፑንታ በየሳምንቱ ይገዛሉ፤ ኪሳራው ይህችን ስሌት ካለማወቅ ነው የሚመጣው።

የፑንታ ጫፍ መሃሉ አይቆርጥም። መሃል ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ብረቱን ይገፋዋል እንጂ አያነሣውም። ለዚህ ነው ትልቅ ቀዳዳ አስቀድሞ በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር የሚከፈተው፤ ለዚህም ነው ፑንታ ከመቅረቡ በፊት ነጥቡ በሹል ብረት ተመትቶ የሚጎደጉደው፤ ያለበለዚያ ጫፉ በላሜራው ላይ ይንሸራተትና ቀለሙን ይፍቀዋል።

ፍቅፋቂውን ያንብቡት። ሁለት እኩል የተጠቀለሉ ክሮች በሁለቱም ቦይ ከወጡ ፑንታው በትክክል ተስሏል። ከአንድ ወገን ብቻ ከወጣ አንዱ ስለት ከሌላው ይረዝማል፣ ቀዳዳውም ከቁጥሩ ይሰፋል። ዱቄት ብቻ ከወጣ ደንዝዟል ወይም ግፊቱ አንሷል። ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ፍጥነት ይቀንሱና ዘይት ይጨምሩ።

የማይዝግ ብረት፣ ማለት የእቃ ማጠቢያውና የወተት ዕቃው፣ የተለየ ፀባይ አለው። ፑንታ ላዩ ላይ እየዞረ ካልቆረጠው ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ ሹል ፑንታም አይገባለትም። ኮባልት ያለበት ፑንታ፣ ከተራው ብረት ግማሽ ያነሰ ፍጥነት፣ የማያቋርጥ ጠንካራ ግፊትና ዘይት። ጀምረው አይተዉት።

አሉሚኒየም ላይ ጥቂት ጠብታ ነጭ ጋዝ ፍቅፋቂው ስለቱ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የፀሐይ ኃይል ፓናል ፍሬም ላይ ግን አዲስ ቀዳዳ አይክፈቱ፤ ከፋብሪካ የተከፈተለት አለው።

የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ላይ ለቧንቧ የሚሆን ቀዳዳ በክብ መጋዝ በዝግታ ይከፈታል፤ በፍጥነት ከሆነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ጎማው ጠርዙን አያሽግም።

ሴራሚክ ላይ ሀመር በጭራሽ። ወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፣ በጦር ቅርጽ የካርባይድ ፑንታ በዝግታ ይጀምሩ፣ ውኃ ጠብ ያድርጉ። ሴራሚኩ ካለፈና ግድግዳው ከተገኘ በኋላ ፑንታውን ይቀይሩ። ፖርስሌን ከሆነ አልማዝ ብቻ ነው የሚሠራው።

ከፍታችን ራሱ ማሽኑን እንደሚነካው ያውቁ ኖሯል? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም የሚለካው ባብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያቀዘቅዛቸው አየር ያንሳቸዋል። ብርዱ ጥቂት ይክሳል፣ ቢሆንም ድንጋይ ሲበሱ ለማሽኑ ዕረፍት ይስጡት፤ ያለ ሸክም ለአንድ ደቂቃ ቢያዞሩት ቆሞ ከሚውል ይልቅ ቶሎ ይበርዳል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የቤንዚን ጄኔሬተርም በዚህ ከፍታ ከተጻፈለት አቅም ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ትልቅ ኤስ ዲ ኤስ ለማንቀሳቀስ የሚገዛ ሰው ይህን ቀንሶ ያስላ።

የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩት ሪጎችም ጥያቄያቸው ያው የእኛው ነው፦ ከታች ምን አለ? ለስላሳ አፈርና ሸክላ ላይ በመዞር ብቻ የሚቆርጥ ጫፍ ይበቃል። ባዛልት ሲመጣ መዶሻው ራሱ ከፑንታው ጋር ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ በታመቀ አየር እየተነዳ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታል፣ የጫፉ ፊት በክብ የካርባይድ ጉብታዎች የተሞላ ነው። ከድንጋዩ የደቀቀውን ወደ ላይ የሚነፋውም ያው አየር ነው። ትልቅ ዋሻ ሲቆፈርም እንዲሁ ነው፦ ከጣና ሐይቅ ውኃ ተቀብሎ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ውኃው የሚሄድበት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ የተከፈተው በዋሻ መቆፈሪያ ማሽን ነበር። የማሽኑ ፊት ላይ ያሉት የሚሽከረከሩ የብረት ዲስኮች ድንጋዩን አይላጩም፤ ተጭነው ይሰነጥቁታል።

ጋቢ ለብሶ ድሪል አይያዝም። ነጠላም፣ ሻርፕም፣ የተለቀቀ ፀጉርም እንዲሁ። የክር ጓንት ደግሞ ሰዎች ለጥንቃቄ ብለው ያጠልቁታል፤ የሚዞር ፑንታ አንዲት ክር ካገኘ ጣትን ይዞ ይጠቀለላል። መነጽር ግን ሁልጊዜ፣ ከራስ በላይ ሲበሱ ይልቁንም። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር ላይ አይብሱ፤ ሽቦው የሚሄደው በዚያ ነው። የአርማታና የአሸዋ ድንጋይ ብናኝ ኳርትዝ አለው፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ቀኑን ሙሉ የሚበሳ ሠራተኛ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ለእንጨት ቤትና ለብረታ ብረት ቤት ባለቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ተለማማጁ ልጅ ፑንታ ሲሰብር ከመቆጣት በፊት መሳል ያስተምሩት። ለተራ ብረት ጫፉ 118 ዲግሪ፣ ለጠንካራ ብረት 135 ዲግሪ ነው፤ ሁለቱ ስለቶች እኩል ይርዘሙ፣ ከስለቱ ኋላ ያለው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ብረቱ እንዳይግል በየጊዜው ከግራይንደሩ ድንጋይ ይነሣ። አንድ የ10 ሚሊ ሜትር ኤች ኤስ ኤስ ፑንታ በትክክል ከተሳለ ደጋግሞ ያገለግላል። የግድግዳ ፑንታን ግን በዚያው በግራጫው የግራይንደር ድንጋይ አይንኩት፤ ካርባይድ የሚሳለው በአረንጓዴው የሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ ወይም በአልማዝ ብቻ ነው።